ዓይን ብቻ የታሰረበት ዕጣ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጠን የልጅ ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔ ማኪያቶዬን ይዤ ዝናቡን አያለሁ። ከረጢት ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ኳስ አለ፤ ሳያዩ አንዱን ቢያወጡ ቀዩ የመውጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው ይላል ጥያቄው።

«እኩል ነዋ! ሁለት አይደሉ?» አልኳት።

«ሁለት ስለሆኑ ብቻ አይደለም እማማ። ‹በመዳሰስ የማይለዩ› የሚለውን ዘለልሽው እኮ! አንዱ ተለቅ ቢል እጅሽ ያውቀዋል።»

ማኪያቶው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ያደግኩበት ቤት ከኬክ ቤቱ ፊት ከሚወርደው ቁልቁለት ግርጌ ነበር። ዛሬ ፈርሷል። ዝናብ ሲጥል ግን ተመልሶ የሚቆም ይመስለኛል፤ የሚንቋቋው የእንጨት ደረጃ፣ የአዲስ ጨርቅ ጣቃ ሽታ፣ ከደጅ የሚገባው የበቆሎ ጥብስ ጭስ። እናቴ ስትሞት ከደሴ አምጥተው ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ሐያት እኩያዬ ናት፤ ስምንተኛን አብረን ጨረስን።

በዚያ ክረምት ጋሽ ሰይድ አልጋ ያዙ። ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ትተን ሱቅ መቀመጥ ነበረብን። እኔ ደግሞ ደብተር አቅፈው ከስድስት ኪሎ የሚወርዱትን ተማሪዎች ባየሁ ቁጥር ራሴን ከመካከላቸው አስገባ ነበር።

«አላዳላም፤ ዕጣ ይውጣ። የወጣላት ትማራለች» አሉ እትዬ። ከአገራቸው ያመጡት ልማድ ነበር። ዕጣ የሚጣልለት ሰው ከላዩ አንድ ነገር አውልቆ ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ አላፊ አግዳሚ ተጠርቶ አንዱን ያነሳል።

«ሰው ከመንገድ ይጠራ እንጂ» አሉ ጋሽ ሰይድ ከተኙበት።

«በዚህ ዝናብ ማን ይገኛል? ዓይኔን እሰሩኝና እኔው አወጣለሁ።»

ሐያት የብር ቀለበቷን አወለቀች። እኔ ቀለበት ስላልነበረኝ ከሹራቤ ላይ አንድ ቁልፍ በጠስኩ። ሁለቱም የጋሽ ሰይድ ባርኔጣ ውስጥ ገቡ። የእትዬን ዓይን በሻሻቸው ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ አጥብቄ። እጃቸው ባርኔጣው ውስጥ ቆየት አለ። ቀለበቱን ይዞ ወጣ።

«አላህ ነው የመረጠ። ሁለት ናችሁ፣ ዕድላችሁም እኩል ነበር» አሉኝ።

«አይዞሽ ባለሱቋ! ቀሚስ ስገዛ ታስተያይኛለሽ» ብላ ሳቀች ሐያት።

አመንኩ። ሁለት ከሆንን እኩል ነን ብዬ አመንኩ። ከባንኮኒው ጀርባ ዕድሜዬን ጨርቅ ስለካ ኖርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሐርን ከፖፕሊን በጣቶቼ እለይ ነበር፤ ይገርማል፣ ያን ባርኔጣ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ሐያት ተምራ ትልቅ ቢሮ ገባች፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «የእሷ ዕጣ ሱቅ ሆነ» ትላለች። እኔም ሻይ እቀዳለሁ።

የኬክ ቤቱን ሒሳብ ከፍዬ የልጅ ልጄን ይዤ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ወዳለው የሐያት ቤት ሄድኩ። እትዬ እዚያ ናቸው፤ እርጅና ዓይናቸውን ወስዶታል። ድምፄን ሳላሰማ እጄን ሰጠኋቸው። ጣቶቼን ዳሰሱ።

«ዘይነባ!» አሉ ወዲያው።

«እማዬ እኮ ማንንም አትስትም!» አለች ሐያት እየሳቀች።

«አውቃለሁ። ያኔም ቀለበቱን ከቁልፉ አልሳቱም» አልኩ።

ሳቁ ተቋረጠ። የእትዬ ጣቶች እጄ ላይ ቆሙ፤ ባርኔጣው ውስጥ እንደቆዩት ቆዩ። እጄን ቀስ ብዬ ወሰድኩ።

ስንመለስ አሁንም ይዘንባል። ከታክሲው መስኮት ጃንጥላ የያዙ፣ ፌስታል ራሳቸው ላይ የደፉ ሰዎች ሲያልፉ አያለሁ። ዕድሌን ስረግም ነው የኖርኩት፤ ዕድል ግን ያን ቀን ቤታችን አልገባም ነበር፤ ማንም ስላልጠራው ደጅ ዝናብ ውስጥ አለፈ። እንደነዚህ ያለ አንድ አላፊ ያኔ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ እሱም ቀለበቱን ያነሳ ይሆናል። ያነሳ። ብቻ ላያነሳም ይችል ነበር።