መተማ ሸክላ የገባበት ዓመት

ደጃፌ ላይ የሚቆመው ባጃጅ ዛሬም ዘፈኑን ለቆታል። ሹፌሩን «ቀንስልኝ» አልኩት፤ አልሰማኝም። ደክሞኝ ቁጭ ስል ልቤ ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

አባቴ አዝማሪ ነበር። ያለ እሱ ማሲንቆ መተማ ላይ ሰርግ አይደገስም ነበር። በዚያ ዓመት ግን አንድ ነጋዴ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የሸክላ ማጫወቻ አመጣና ልጁን ሲድር ዳሱ መሀል አስቀመጠው። አባቴ እንደ ማንም እንግዳ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ።

ሸክላው ሲዘፍን የሙሽራዋ አያት ተነሡ። ለአዝማሪ እንደሚደረገው «ተቀበል» ብለው ሟች ወንድማቸውን የሚያነሣ ግጥም ሰጡት። ሸክላው የራሱን ቀጠለ። ያልሰማ መስሏቸው ጠጋ ብለው ጮክ ብለው ደገሙለት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ምነው አልቀበል አለኝ?»

«ይዘፍናል እንጂ አይሰማም፣ ጌታዬ» አላቸው አባቴ።

ግጥሙን ለእሱ ሊሰጡት ሲሉ ነጋዴው ሸክላውን ገልብጦ እንደገና አስጀመረው።

እኔ መሣሪያው ደንቆሮ ሆኖ መፈጠሩ አሳዝኖኝ ዋልኩ። ለአባቴ ማዘን የጀመርኩት ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲለብስ ሳይ ነው።

ባጃጁ ሄዶ ሌላ መጥቷል። እሱንም «ቀንስልኝ» ልለው ነበር፤ ተውኩት።