ድንች የታተመበት ግድግዳ

ጎጆ የምትባል ከተማ ለማስተማር ስመደብ ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አምቦ ተወልጄ ስላደግሁ ብርድን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ከጊንጪ ወደ ላይ የሚወጣውን ኮረኮንች በአይሱዙ ጋቢና ተጨናንቄ ጨርሼ ስወርድ ግን ጉሙ የትምህርት ቤቱን በር እንኳ ሸፍኖት ነበር። ዳይሬክተሩ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀበሉኝ። «አንደኛ ክፍልን ነው የምትይዢው፤ ልጆቹ ትንሽ ያለቅሳሉ» አሉኝና ክፍሌን አሳዩኝ።

ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ አንድ ብቻ። ጥቁር ሰሌዳው እንኳ ከጨለማው ተለይቶ የሚታየው ቀትር ሲቃረብ ነው። ልጆቹ በእርግጥም ያለቅሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የእናታቸውን ቀሚስ አንቀው ይይዛሉ፣ እንደምንም ከገቡ በኋላም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ይቀመጣሉ። እርሳስ ያዙ ስላቸው ጣታቸው አይታዘዝም። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፣ የማስተምራቸውም በኦሮምኛ ነው፤ ስለዚህ የቋንቋ ችግር አልነበረብንም። ችግራችን ብርድና ጨለማ ነበር።

መጀመሪያ የያዝኩት ብርዱን ነው። አንድ ቀን ማልጄ ገባሁና በአመድ ወለሉ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሰመርኩ። በየሳጥኑ ውስጥ አንዳንድ የቁቤ ፊደል ጻፍኩ። ልጆቹ ሲመጡ ደብተር አውጡ አላልኳቸውም፤ በአንድ እግር እየዘለሉ የረገጡትን ፊደል ጮክ ብለው እንዲጠሩ አደረግሁ። ተራ ያልደረሰው እያጨበጨበ ይጠብቃል። ሁሉም አንድ ዙር ሳይጨርሱ ጉንጫቸው ቀላ። በማግስቱ በር ላይ የሚያለቅሱት ቁጥር ቀነሰ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከእኔ ቀድመው መጥተው «ባርሲስቱ፣ አመዱ የታለ?» ይሉኝ ጀመር። ባርሲስቱ ማለት መምህርት ማለት ነው፤ እዚያ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ከነሱ መሀል ግን አንዲት ልጅ ነበረች። ትልልቅ ዓይን ያላት፣ ከታላቅ ወንድሟ የወረሰችው ሰፊ ሹራብ እጅጌው እስከ ጉልበቷ የሚደርስ። ትዘላለች፣ ታጨበጭባለች፣ በጨዋታ ማንም አይቀድማትም። ፊደሉን ጥሪ ስትባል ግን ትቆማለች። ጎኗ ያለው ልጅ ይጠራላታል፣ እሷም ዝላይዋን ትቀጥላለች። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ሌሎቹን ስጠይቅ «ቤቷ ታወራለች» ይሉኛል። አላስጨነቅኋትም። ምን ማድረግ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

ከክፍሌ ጎን ሁለተኛ ክፍልን የሚያስተምሩት ሴት ጡረታቸው እየተቃረበ ነበር። መምህሩ ሁሉ እትዬ ነበር የሚላቸው። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይዛነፍ፣ ከክፍላቸው የጠመኔ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው ናቸው። በሁለታችን መሀል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የኔ ክፍል ሲዘል የሳቸው ክፍል ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ አንድ ቀን በረፍት ሰዓት፣ «ልጆችሽ በዘለሉ ቁጥር የኔ ግድግዳ አፈር ያራግፋል። ዛሬ አንዱ ደብተሩ ላይ ወረደበት።»

«ይቅርታ እትዬ፣ ብርዱ እኮ…»

«ብርዱ እኔም ጋ አለ። የኔዎቹ ቁጭ ብለው ይማራሉ።»

ይህንን ብለውኝ ሄዱ። እኔም ለጥቂት ቀን ልጆቼን በጣት ጫፍ አዘለልኳቸው፤ እሱም ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆነና ሳቁ ከዝላዩ የባሰ ጮኸ።

ከዚያ ወደ ጨለማው ዞርኩ። ወላጆች ስብሰባ ላይ ክፍሉ እንደማይታይ ስናገር ኖራ አዋጥተው አመጡና አንድ ቅዳሜ ራሳቸው ቀቡልኝ። ሰኞ ስንገባ ክፍሉ በራ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው አንገባም አሉ፤ የሰው ቤት መሰላቸው። እኔም ከደስታዬ ብዛት ያንን ነጭ ግድግዳ የሚነካ ሰው አልፈለግሁም። ወላጆቹ ዓርብ መጥተው ሥራቸውን እንዲያዩ ቀጠሮ ተያዘ።

ረቡዕ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነበረን። ጎጆ ቀለም አይገኝም፣ ድንች ግን ሞልቷል። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ድንች እንዲያመጣ ነግሬ ነበር። ድንቹን ለሁለት ከፍዬ የተቆረጠውን ፊት በምላጭ ቀረጽኩላቸው፤ ለአንዱ ኮከብ፣ ለአንዱ ቅጠል፣ ለአንዱ ዓሣ። ዓሣ አይቶ የማያውቀው ልጅ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ውሃ ውስጥ የሚኖር ድንች ነው» አልኩት፤ አመነኝም። ቀይ ሥር ቀቅዬ ውሃውን በጣሳ ክዳን አቀረብኩ። ድንቹን ቀለሙ ውስጥ ነከር፣ ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጫን፤ ማኅተም ማለት ነው። ልጆቹ ማኅተም የሚያውቁት ቀበሌ ነው። ወረቀታቸው ላይ ባተሙ ቁጥር እንደ ሊቀ መንበር ኮስተር ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ ስለ ዓርቡ ስብሰባ ሊያነጋግሩኝ ጠሩኝ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ወሬው ረዘመ።

ስመለስ ወረቀቱ አልቋል። ድንቹና ቀለሙ ግን አላለቀም። ነጩ ግድግዳ ከወለሉ አንስቶ የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ በቀይ ኮከብ፣ በቀይ ቅጠልና በቀይ ዓሣ ተሸፍኗል። አንዳንዱ ጋ ቀለሙ እየተንጠባጠበ እስከ መሬት ወርዷል። ልጆቹ ሲያዩኝ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ማን ጀመረው ብዬ ሳልጠይቅ ሁሉም ጣቱን ወደ አንድ ቦታ ቀሰረ። ያቺ የማትናገር ልጅ ናት። ድንቿን ከጀርባዋ ደብቃለች፤ የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ቀይ ሆኗል።

የቀቡት ወላጆች ፊት መጣብኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ ልጅቷን አየሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ልስቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። እሷም ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም።

በዚህ መሀል እትዬ ጠመኔያቸውን እንደያዙ በሩን ገፍተው ገቡ።

«ምን ሆናችሁ? ጸጥ ስትሉ እኮ ደነገጥኩ» አሉ።

ከዚያ ግድግዳውን አዩት። ቀስ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው አንዱን ዓሣ መረመሩ። አሁን ለዳይሬክተሩ ይናገራሉ ብዬ ነበር።

«ክር አለሽ?» አሉኝ።

«ምን?»

«ክር ነዋ። መስመር እናስምርበታለን። ከላይ መስመር ካለው ሆን ብለን ያደረግነው ይመስላል።»

የቦርሳዬን የልብስ ስፌት ክር ሰጠኋቸው። ክሩን በከሰል አሹት፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን ግድግዳው ላይ ወጠርነው። መሀሉን ሳብ አድርገው ሲለቁት ጧ! አለና ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር አተመ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዋው!» አሉ። እትዬ የሳቁ መሰለኝ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላማ ክሩን የሚለቀው ተረኛ ልጅ ሆነ። ጧ! ጧ! እያልን ክፍሉን ዞርነው። እትዬ የራሳቸውን ክፍል ረስተውት ሁለተኛ ክፍሎች አንድ በአንድ በሩ ላይ ተኮልኩለው ያዩን ነበር። ባዶ በቀረው ቦታ ሁሉ ከመስመሩ በታች አተምን፤ ኮከብ፣ ቅጠል፣ ዓሣ፣ እንደገና ኮከብ። ልጆቹ ቅደም ተከተሉን ማንም ሳያስተምራቸው ያዙት። አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ቅጠል ነው! ቅጠል!» ይለዋል።

በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀን። ቀዩ ቀለም የለም። ኖራው በልቶት ሁሉም ኮከብ፣ ሁሉም ዓሣ የማር ቀለም ሆኗል። አንዳንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዱ ብሩህ ቢጫ። ልጆቹ ማን እንደለወጠው ሊነግሩኝ ተሻሙ። ዛር ነው ያለ ነበር፣ ፀሐይ ናት ያለም ነበር። እትዬ ግን ከቀዩ ይልቅ ይሄኛው እንደሚሻል ተናገሩ፤ «ቀዩ ትንሽ ሥጋ ቤት ይመስል ነበር» አሉኝ በጆሮዬ።

ዓርብ ወላጆች መጡ። ብዙዎቹ ከእርሻ በቀጥታ ስለመጡ የጎማ ቦት ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ ክፍሉ እንዳይቆሽሽ ሊያወልቁ ሲታገሉ እንዲተዉት ለመንኳቸው። ገብተው ዙሪያውን አዩ። የቀቡት ነጭ ግድግዳ ጠፍቷል። አንድ ሰፋ ያለ ትከሻ ያላቸው ሰው ቀረብ ብለው በአውራ ጣታቸው አንዱን ኮከብ ነኩና በኦሮምኛ ጠየቁኝ።

«ይሄ በምን ተሠራ?»

«በድንች ነው፣ ኦቦ።»

«በኛ ድንች?»

«በናንተ ድንች።»

ሰውየው ወደ ሌሎቹ ዞረው «ሰምታችኋል? ለገበያ አነሰ ብለን የጣልነው ድንች ነው!» አሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እያንዳንዱ ልጅ ወላጁን እየጎተተ የራሱን ማኅተም ሊያሳይ ሲራወጥ ስብሰባ መሆኑ ቀረ።

የሰውየውን ጋቢ ጫፍ የያዘችው ያቺ ባለ ሰፊ ሹራቧ ልጅ ነበረች። አባቷ ናቸው። እየጎተተች ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። በር አጠገብ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ የተንሻፈፈ ቅጠል አለ፤ መጀመሪያ የታተመው እሱ ነው። ጣቷን አስደግፋበት ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ እኔ ቀና አለችና፣

«ኩን ካን ኮ» አለች። ይሄ የኔ ነው።

ድምጿ እኔ እንደጠበቅሁት ቀጭን አልነበረም። ወፈር ያለ፣ ትንሽ ሸካራ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት። አባቷ ምንም አዲስ ነገር ስላልመሰላቸው «ጎሽ፣ ያንቺ ነው» ብለው ራሷን ዳበሱ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩና የሌለ ጽሕፈት ሳጠፋ ቆየሁ። እትዬ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ጫን አደረጉኝ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ልጅቷ ስትዘል ፊደሏን ራሷ ትጠራ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ አላስተምር ያለችኝ ለፍላፊ ሆነች። እትዬም ክፍላቸውን አሳተሙ፤ የኔን መኮረጅ ስላልፈለጉ በሽንኩርት ነበር ያደረጉት። ሽንኩርቱ ለሁለት ሲከፈል ክብ በክብ የሆነ ውብ ማኅተም ይወጣዋል፤ ልጆቻቸው ግን ሲያትሙ ዓይናቸው እያነባ ነበር። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ አድርገን ቅልሞሽ እናጫውታቸው ነበር። እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠው ጠጠር ሲወረውሩ ማንም አይችላቸውም ነበር፤ ሲያሸንፉም ልጅ ነው ብለው አይራሩም።

ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት የተዘጋው የእትዬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበር። ጡረታቸው ተራዝሞላቸው ስንከፍት አብረን ገባን። ልጆቹ በግማሽ በግማሽ ነው የሚመጡት፣ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት፣ ሁሉም አፉን ሸፍኗል። አንድ ዳቦ ተካፍለው የሚበሉ ልጆች እንዴት ተራርቀው ይጫወታሉ? ባዶ የቲማቲም ጣሳ ለቀምን፤ የጠርዙን ስለት በድንጋይ አለዝበን ቂጡን በሚስማር በሳንና በክር እያገናኘን ስልክ ሠራን። አንዱ ልጅ ግቢው ውስጥ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ማዶ ይቆማል። ክሩ ከተወጠረ ሹክሹክታ እንኳ ይሰማል። ወሬው ሁሉ «ትሰማኛለህ?» እና «እሰማሃለሁ!» ነበር፤ በቂያቸው ነበር።

እትዬ ለራሳችንም አንድ አሠሩ። ክሩ ከሳቸው መስኮት ወጥቶ በኔ መስኮት ይገባል። አንድ ቀን ልጆቹ ለምሳ ወጥተው ደብተር ሳርም ጣሳዬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ሃሎ» አሉ በከባድ ድምፅ። «ማን ልበል?»

«የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ እትዬ።»

«ሥራ ይዘሻል?»

«ደብተር እያረምኩ ነው።»

«ተይው። ትኩስ ቆሎ አለኝ፣ ሽምብራም ቀላቅዬበታለሁ። ነይ።»

ጣሳውን አስቀምጬ ሄድኩ።