ስቶቭነርን ከገንፎ ያወጣኋት እኔ ነኝ

ኦስሎ፣ ኦከርን ሰፈር ያለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ መሣሪያ ንፋስ ነው። ኮምፕረሰር። አለቃዬ ሮአር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ "አቧራውን አውጣ" አለኝ። አወጣሁ። አቧራው ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሱ ቡና ውስጥ ገባ። ሮአር ቡናውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዛ ጠጣው። ከዚህ ሰውዬ ጋር እንደምንግባባ ያኔ ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ሙያው ለምትገቡት ልንገራችሁ፣ እኔ በትምህርት የመጣሁ ሰው አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍልና እኔ ተለያየን፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። ግን እጅ አለኝ። የተሰነጠቀ ስክሪን በሉ፣ ውሃ የጠጣ ላፕቶፕ በሉ፣ ልጅ ቺፕስ ያጎረሰው ፕሪንተር በሉ፣ እኔ ጋ መጥቶ ያልተነሳ የለም። ኦስሎ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ፈልጌውም አላውቅ።

ሱቁ ውስጥ ደረጃ አለ። ከላይ ሮአር፣ ከሥሩ ማንም፣ ከማንም ሥር እኔ። እኔ ፕራክሲስ ነበርኩ። ፕራክሲስ ማለት ሥራውን ትሠራለህ፣ ሠራተኛ ግን አይደለህም። ጊዜው ሲያልቅ ወይ ይቀጥሩሃል፣ ወይ እጅህን ጨብጠው መልካም ዕድል ይሉሃል።

ጋሽ ሰይድ የመጣው የእኔ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነው። የደሴ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል፣ ስቶቭነር የሚባል ሰፈር የአፓርታማ ብሎክ ውስጥ ይኖራል። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ገባ።

"ልጄ፣ መሬቱ ታሞብኛል" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሰይድ ቤቱ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም አለው። መሪ ገዝቷል፣ ፔዳል ገዝቷል፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ወንበር ተክሏል። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ይገባና ኦስሎ ላይ ይበራል። ሰማይ ላይም ሆኖ የአውቶቡስ መስመሩን ነው የሚከተለው፤ ፌርማታ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል። ታዲያ ከሥሩ ያለው መሬት ብዥ ይልበታል። ጣሪያው፣ መንገዱ፣ ዛፉ ተላቁጦ አንድ ላይ ይሆናል።

"ጓደኞቼን እሁድ እሁድ እጋብዛለሁ" አለኝ። "ተፈራ የሚባል ሹፌር አለ። መሬቱን አይቶ ካፒቴን ገንፎ ብሎ ሰየመኝ። አሁን መሥሪያ ቤት ስገባ ሰይድ የሚለኝ የለም።"

"ለኔ ተወው" አልኩት። ይቺ ቃል ከአፌ ቶሎ ነው የምትወጣው።

ሱቅ ውስጥ አስነሳሁት። የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር አዲስ ጫንኩ፣ የምስል ጥራቱን እስከ መጨረሻው ሰቀልኩት፣ ስቶቭነር ላይ በረርኩ። መስኮት መቁጠር ይቻላል። መለስኩለት። በማግስቱ ደወለ፤ "እንደ መስታወት ሆነ፣ እጅህ ይባረክ!" ሰኞ ኮምፒውተሩ በብርድ ልብሱ ተመልሶ መጣ። እሁድ ገንፎ ሆኗል።

ሁለተኛውን ዙር በወኔ ገባሁበት። ፈታታሁት። ሜሞሪውን ቀየርኩ፣ ማቀዝቀዣውን አጸዳሁ፣ ጌሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ጥርት አለ። ሮአር ራሱ ቁጭ ብሎ በረረና የእናቱን ቤት ጣሪያ አይቶ "እንጨቱ መቀባት አለበት" አለ። መለስኩለት። ሰኞ ብርድ ልብሱ በሩ ላይ ነው።

ሮአር ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። በጣም ሲቆጣ ጆሮህን አፉ ላይ መለጠፍ አለብህ። በዛ ድምፅ "ይሄ ሰውዬ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ አልቀጥርህም" አለኝ።

"አይመለስም። ቤቱ ሄጄ እጨርሰዋለሁ። እሁድ ካልሠራ ሰኞ እኔንም አትጠብቀኝ" አልኩት። አያችሁ አይደል፣ አፌ ሁልጊዜ ከጭንቅላቴ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ነው የሚወርደው።

እሁድ ከሁሉም ቀድሜ ስቶቭነር ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ በሩን ሲከፍት የካፒቴን ሸሚዝ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ መስመር ያለበት። አስነሳነው። መሬቱ ጥርት ያለ ነው።

"አንተ ስትመጣ ደህና ይሆናል" አለኝ። "ሐኪም ሲያይ ትኩሳቱ እንደሚወርድለት በሽተኛ።"

ከዛ እንግዶቹ መጡ። ጋሽ ሰይድ እያንዳንዱን በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ይሳለማል፣ "ጫማህን አውልቅ፣ ግባ ግባ" ይላል፣ ከዛ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ይነግራል። ውሃ ከማቅረቡ በፊት። አንዱ ሶፋ ላይ ወድቆ ስልኩ ላይ ድራማ ከፈተ። አንዱ ደሴ ካለች እህቱ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ተፈራ፣ ያ ስም አውጪው፣ ስልኩን እንደ ካሜራ ወድሮ "በቀጥታ ከካፒቴን ገንፎ ቤት" እያለ ላይቭ ገባ።

ጋሽ ሰይድ ተነሳ፣ በረረ። ገንፎ።

"ቅቤና በርበሬውስ የት አለ?" አለ ተፈራ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሰይድም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። እኔ ሰኞን አሰብኩ። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ገመድ ሁሉ ነቀነቅኩ። የማላውቀውን ገመድ ሳይቀር። ምንም።

ባለቤቱ ዘይነባ "ምሳ ደርሷል፣ እጃችሁን ታጠቡ" አለች። ትልቅ ትሪ ላይ ሽሮና ጎመን ቀረበ፤ ተፈራ ጾም ላይ ስለነበር ሁሉም አብሮት ጾመ። እኔም ጎረስኩ። እየጎረስኩ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ብቻውን በሰማይ ይዞራል።

መሬቱ ጠራ።

ማኘክ አቆምኩ። ማንም ምንም አልነካም። ሁሉም እጁ ሽሮ ውስጥ ነው። ስልኩ በሙሉ ሶፋው ላይ ተደፍቷል። ምሳው አለቀ፣ እጅ ታጠቡ፣ ስልካቸውን አነሱ። ስቶቭነር ቀስ እያለ ሟሟ።

እንዲህ ያለው ጌም መሬቱን ሆዱ ውስጥ አይዝም። ዓለም በሙሉ አይገባበትማ። የምትበርበትን ቦታ ፎቶ በኢንተርኔት እየሳበ ከሥርህ ያነጥፋል። መስመሩ ከጠበበው መጀመሪያ የመጣችውን ብዥ ያለች ምስል ዘርግቶ ዝም ይላል። ሱቅ ውስጥ መስመሩን የሚጋራኝ ሮአር ነው፤ እሱ ደግሞ ከአየር ሁኔታ ሌላ አያይም። እዚህ የሰይድን ኢንተርኔት አሥር ስልክ ይጠባዋል።

ጋሽ ሰይድን ኮሪደር ጎትቼ ነገርኩት። "ፓስዎርዱን ቀይረው፣ ጋሼ።"

እንደ ሌባ አየኝ። "ቤቴ የመጣን እንግዳ ዋይፋይ ልከልክል? ናይ፣ አይሆንም። ገንፎው ይሻለኛል።"

"ለኔ አይሻለኝም። ነገ ሥራ የለኝም።"

ያን ቀን ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ረጅም የኢንተርኔት ገመድ ቦርሳዬ ውስጥ ቢኖር ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። አልነበረም። ዓይኔ ትከሻው ላይ ያለው መስመር ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ አንተ ካፒቴን አይደለህ? አውሮፕላን ላይ ስልክ ዝጉ ሲባል የሚቀየም አለ?"

ኮሌታውን አስተካከለ። ሳሎን ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የአውቶቡስ ድምፁን አወጣ።

"ክቡራን መንገደኞች፣ ይህ ከስቶቭነር ተነስቶ ስቶቭነር የሚያርፍ በረራ ነው። ቀበቶ እሰሩ። ቀበቶ ያጣ ሶፋውን ይያዝ። ስልካችሁን በረራ ሞድ ላይ አድርጉ። አንድ ሰው ካላደረገ ሞተር አላስነሳም።"

ቤቱ ደስ አለው። ድራማው ተዘጋ። ያ ደሴ የሚያወራው እህቱን "ልንነሳ ነው፣ ስናርፍ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋባት። ተፈራ ብቻ ስልኩን አላወረደም።

"ላይቭ ላይ ነኝ እኮ። ሰው እያየኝ ነው።"

"ስንት ሰው?" አለው ድራማ ሲያይ የነበረው።

"አራት።"

"ሦስቱ እዚሁ ነበርን። አሁን ዘግተናል።"

"ተፈራ" አለ ጋሽ ሰይድ ዞር ሳይል፣ "የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ትወርዳለህ።"

"ውረድ! አታስዘግየን!" አሉ መንገደኞቹ። ተፈራ ዘጋ።

አውሮፕላኑ ተነሳ። መሬቱ መጀመሪያ ገንፎ ነበር፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ከዛ የገበያ ማዕከሉ ጣሪያ ወጣ፣ የባቡሩ ሃዲድ ወጣ፣ ብሎኮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ማንም አልሳቀም። ተፈራ ተነስቶ ስክሪኑ ጋ ተጠጋ።

"ያቺ የኛ ብሎክ ናት። እንዴ፣ ያቺ ቀይዋ መኪናዬ ናት። የሸጥኳት። ፎቶው የድሮ ነው ማለት ነው።" ብሎኩ ከሥራችን አለፈ። "ሰይድ፣ አዙረህ መልሰኝ።"

"ካፒቴን በለኝ።"

"ካፒቴን።"

"ካፒቴን ማን?"

"ካፒቴን ሰይድ። አዙር አሁን፣ አለፈን እኮ።"

አዞረለት። ደግሞ አዞረለት።

ሰኞ ሮአር ምን ቀየርክ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልቀየርኩም፣ ስልክ አስዘጋሁ አልኩት። ከምሳው ጀምሬ እስከ ቀይዋ መኪና ተረኩለት። ሲሰማ ቆይቶ ኖርዌጂያኖች እንደሚያደርጉት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ "ያ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ከዛ ኮንትራቱን አመጣ። እሱ ቤት እንግዳ ሲመጣ ስንት ስልክ እንደሚገባ ብጠይቀው፣ "እናቴ ናት የምትመጣው፣ የቤት ስልክ ነው ያላት" አለኝ።

ኋላ ለጋሽ ሰይድ ገመድ ዘረጋሁለት፣ ራውተሩ ላይም ለእሱ ማሽን ቅድሚያ ሰጠሁት። አሁን አሥር ሰው ድራማ ቢከፍት መሬቱ አይነቃነቅም። የበረራ ማስታወቂያውን ግን አላቆመም። ሰዎቹም ሳይነገራቸው ስልክ ይዘጋሉ፤ ተፈራ ያልዘጋውን ይቆጣጠራል።

ከዛ ወዲህ የሰው ማሽን ስቀበል ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሲበላሽ ቤት ውስጥ ማን ነበር? ማሽን ሱቅ ውስጥ ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ቤት ግን ከሰው ጋር ነው የሚኖረው። የሚበላሸው ቤት ከሆነ ቤት ሄዳችሁ እዩት። በምሳ ሰዓት ሂዱ።