ትል ያልበላው ሳማ

አደሴ ሳማ የምትለቅመው በባዶ እጇ ነው። እኛ ፌስታል አጥልቀን እንኳ ስንለበለብ፣ እሷ ለጋውን ጫፍ ከሥሩ ይዛ ቀንጠብ ታደርገዋለች። ኮዬ ፈጬ ገና ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ሳለ፣ በክፉ ዓመት ልጆቿን በዚሁ ሳማ አቆይታለች። ዛሬ ማሳዋ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ሳማው ግን ከብሎኮቹ ኋላ አልጠፋም። ጎመን ሲወደድ ለጎረቤት ታድላለች።

ትል ያልነካካውን ቅጠል አትለቅምም። «ትል የጠላውን እኔ ምን ቤት ነኝ?» ትላለች።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማለዳ ግን ጭጋግ ነበርና ሳታስተውል ለቀመች። ለአራሷ ለዙለይኻ፣ ከምድር ቤት ላለችው ባለሱቅ፣ አንድ እቅፍ ሰጠቻት። ጭጋጉ ሲገለጥ የእኔን ድርሻ ልንለቅም አብረን ወደ ሳማው ሄድን። ለጋው ቅጠል አንድ ቀዳዳ የለውም። ትሎቹ ከግንዱ ሥር ረግፈዋል።

«መድኃኒት ረጭተውታል!» ብላ ሮጠች። በዚህ ዕድሜዋ እንዲያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም።

ዙለይኻ ሳማውን ቀቅላ ለቁርስ አቅርባ እጇን ዘርግታለች። አደሴ ድስቱን አንስታ ቱቦ ውስጥ ደፋችው።

«እማማ አደሴ! ምን ሆኑ?»

«ቀመስሽ?»

«ወላሂ ገና ነኝ!»

«ምላስሽን አሳዪኝ!»

ምላሷን አይታ፣ ሕፃኑንም አይታ፣ ቀጥ ብላ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ቢሮ ሄደች። ተከተልኳት።

«እማማ፣ ለትንኝ ነው የረጨነው» አለ ሰብሳቢው ወልደየሱስ። «ማስታወቂያም ለጥፈናል፤ ይኸው በራችን ላይ።»

«ሳማው በርህ ላይ ነው የበቀለው?»

«ሳማ እኮ አረም ነው። ሰው ይበላዋል ብለን አላሰብንም።»

«ትሉ አፍ ሳይኖረው ሞቶ ነገረኝ! አንተ በደህና ምላስህ ቤቴን አንኳኩተህ መንገር አቃተህ?»

ወረቀቱን እኔም አንብቤው ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንብቤ አለፍኩ፤ ለአደሴ አልነገርኳትም። ስለዚህ የተናደድኩት በሰውየው ብቻ አይደለም።

አደሴ የቢሮውን የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተች ወጣች።

«እማማ፣ ወንበሩ የኮሚቴው ንብረት ነው!»

«ና፣ አንተ ተቀመጥበትና ሰው ከሳማው መልስ!»

አልመጣም። ሳማው መሃል ወንበሩን ተክላ እስኪመሽ ተቀመጠች። ሰባት ሴቶች ፌስታል ይዘው መጡ፤ ሰባቱንም መለሰች። በማግስቱ እኔ ተካኋት።