ቦምብ ያልፈነዳበት ጸጉር ቤት

ጸጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ የደንበኛ ወሬ በአንድ ጆሮው እየሰማ በሌላው ሲያፈስ የኖረ ሰው ነው። አንዱን ወሬ ግን አመነና ጉድ ሆነ፤ «የሽብር ጉዳት ለኢንሹራንስ ከአቅም በላይ ስለሆነ መንግሥት ከጀርባ ቆሞ ይከፍላል» የተባለውን። መንግሥት ከጀርባው ቆመ ሲባል ብልህ ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ እሱ ግን ደስ ብሎት የሽብር ኢንሹራንስ ገባና አረቦኑን ከፈለ።

አንድ ጠዋት ምላጭ ሊገዛ ወጣ እንዳለ መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ጸጉር ቤቱ ከነመስታወቱ ከነወንበሩ ዶግ አመድ ሆነ። ጎረቤቱ ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን አጣ።

የኢንሹራንሱ ኃላፊ ከልብ አዘነለት።

«ጋሼ፣ እንድንከፍል መጀመሪያ መንግሥት ሽብር ነው ብሎ ማወጅ አለበት።»

«ታዲያ ያውጃ።»

«አምና ሽብርን ከነሥሩ ነቅያለሁ ብሎ አውጇል እኮ። ዘንድሮ ምን ይበል? የፈነዳው የጋዝ ሲሊንደር ነው ተብሏል። የእርስዎ።»

«እኔ ሲሊንደር የለኝም። ውሃ የማሞቀው በኤሌክትሪክ ነው።»

«እሱን ይተዉት። የኔ ነው ብለው ከፈረሙ በእሳት ኢንሹራንስዎ እንከፍልዎታለን።»

ማታ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ሳቀች። «ፈርማ። ላም አለኝ በሰማይ እያልክ ልጆች ልታሳድግ ነው?»

«የሰውዬውን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ?»

«ዋሾዎቹ ሳያፍሩ አንተን ምን አሳፈረህ?»

በነጋታው ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄዶ ብዕሩን አነሳ።

«ከፈረምኩ ፎቶ አንሺው ማንን ይከሳል?»

«እርስዎን ነዋ።»

«ትናንት ሆስፒታል አስጠርቶኝ ጺሙን ላጨሁት» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «በጠፋው ዓይኑ በኩል ምላጩን ሳስጠጋ እንኳ ፈቀቅ አላለም።»

ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ።

ዘንድሮ የገንዘብ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ሪፖርት አቀረቡ፦ የሽብር ዋስትናው እጅግ ውጤታማ ከመሆኑ የተነሳ እስካሁን ለማንም መክፈል አላስፈለገም። ተጨበጨበ።

ጸጉር አስተካካዩ አሁን በተዋሰው ወንበር ግድግዳ ተጠግቶ ይሠራል። ሰሞኑን ኃላፊው ራሱ ሊቆረጥ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሽብሩን አረቦን አያድሱም?» አለው።

«ሱቅ የለኝም እኮ።»

«እንግዲያው ቅናሽ እናደርግልዎታለን።»

ጸጉር አስተካካዩ የኃላፊውን ራስ በእጁ ጎንበስ አደረገና ማጅራቱን በምላጭ ማስተካከል ጀመረ።