የአያ መኮንን መኪና ጩኸት

ባለፈው ሐሙስ ወልድያ ካለው ጋራዤ ደጃፍ ቁጭ ብዬ በለስ እየላጥሁ ስበላ፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። የሰቆጣው ደሳለኝ መሆኑን ያወቅሁት ሲስቅ ነው። ከጋቢው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠና «ይህችን ታውቃታለህ?» አለኝ። ጨርቁን ሳልፈታ አወቅኋት። ከሰቆጣ የተባረርሁት በዚህች ብረት ምክንያት ነው። ንዴቴ የበረደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልበረደም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ገና ወጣት ነኝ። ሰቆጣ ደህና መካኒክ የለም ሲሉኝ የመፍቻ ሳጥኔን ተሸክሜ ወጣሁ። አገሩ ለመካኒክ የተመቸ ነው። የጠጠሩ መንገድ ጎማ ይፈጃል፣ ወደ አበርገሌ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ይበላል፣ ስትመለስ አቀበቱ የቀረውን ይጨርሳል። የምሠራባት የቆርቆሮ ዳስ የአያ መኮንን ነበረች። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ነፍጌዋለሁ። አባቱ ሲሞቱ ከነበሯቸው ሁለት የጭነት መኪናዎች አንዷ ለእሱ ደረሰች፣ አንዷ ለታናሽ ወንድሙ ለደሳለኝ። ከተዝካሩ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ሌላው አይገባም። እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፣ ምን አገባኝ ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአያ መኮንን መኪና የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፍረንሻሏ ተበላ። መለዋወጫውን በጆንያ ይዞልኝ መጣ፤ ኮሮና የምንለውን ትልቁን ባለጥርስ ቀለበትና እሱን የሚያዞረውን ትንሹን ጥርስ፣ ፒኞኑን። እነዚህ ሁለቱ ከፋብሪካ ሲወጡ አብረው ተፋጭተው፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጾባቸው ነው የሚወጡት። ፒኞኑ ላይ ግን ቁጥሩ ተፍቋል። ምነው ስለው «ዝገት ይዞት ነበር፣ በሞረድ ጠረግሁት። አባቴን አፈር ያርገው፣ ከአባቴ ሳጥን የወጡ ጥንድ ናቸው» አለኝ። በሞተ አባቱ ምሎ የሚዋሽ ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር። ገጠምሁለት።

መኪናዋ ከገበያው ሳታልፍ መጮህ ጀመረች። ነዳጅ ስትሰጣት ታላዝናለች፣ እግርህን ስታነሳ ታጉረመርማለች። አያ መኮንን ገበያው መሐል አቁሟት ወረደና ሰው ሁሉ እየሰማ «ይህ የወልድያ መጤ መኪናዬን ገደላት» አለ። ወደ እኔም ዞሮ «እስከ ቅዳሜ ጩኸቷን ካላጠፋህ ሳጥንህ እኔ ዘንድ ይቀራል፤ አንተም ከዳሴ ትወጣለህ» አለኝ። ያ ሳጥን እንጀራዬ ነው። እሱን ይዞ ስሜን ካጠፋው የትም ሄጄ ሠርቼ አልበላም። በማግስቱ አንድ ደንበኛዬ ፈትቼ የጀመርሁትን ካምቢዮ ሳያናግረኝ ጭኖ ወሰደ። አያ መኮንንን ጠላሁት።

ንዴት ግን ዲፍረንሻል አይፈታም። መጀመሪያ ጩኸቱን ለየሁት። ኩሽኔታው ቢሆን ነዳጅ ሰጠህ አልሰጠህ ያው ይጮኻል፤ ይህ ግን ከእግሬ ጋር ይለዋወጣል። መታጠፊያ ላይም አይብስም፤ ስለዚህ የመሐሎቹ ትንንሽ ጥርሶች ደህና ናቸው። የቀረው የኮሮናውና የፒኞኑ ጉዳይ ነው። ፈታሁት። ቀይ ቀለም በዘይት በጥብጬ ጥርሶቹን ቀባሁና በእጄ አዞርሁ። ጥንድ ቢሆኑ ቀለሙ የጥርሱ መሐል ላይ ይታተም ነበር፤ የነዚህ ግን ጫፍ ጫፉን ብቻ ይነካል። ፒኞኑን ባስጠጋውም ባርቀውም ያው ነው። እነዚህ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም አልሁ።

ቅዳሜ አያ መኮንን ሳጥኔን ሊረከብ ምስክር ይዞ መጣ፤ የወንድማማቾቹን የነፍስ አባት፣ ቄስ ይመርን። ቀለሙን አሳየኋቸው። ቄሱ ኮሮናውን ገልበጥ አድርገው አዩና ያለ ምንም ተንኮል «ይህንንማ እኔው ነኝ ያካፈልኋቸው» አሉ።

«እንዴት አካፈሏቸው፣ አባ?» አልሁ።

«ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ብረት ነበር። ትልቁን ለታላቁ፣ ትንሹን ለታናሹ ሰጠን። ደሳለኝ አነሰኝ ብሎ ሲያኮርፍ ክሪኩን መረቅንለት።»

መሬቱን በገመድ፣ ላሙን በዕጣ ያካፈለ ሽማግሌ፣ ዲፍረንሻሉንም እኩል አካፍሎታል። አያ መኮንን ፊቱ ጠቆረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህ ነው፤ ጥንዷ ወንድሙ ቤት እንዳለች እያወቀ ከወዳደቀ መኪና ሌላ ፒኞን ነቅሎ፣ ቁጥሩን ፍቆ ነው የሰጠኝ።

«አያ መኮንን፣ ፒኞኗን ከደሳለኝ ይቀበሉ፤ በአንድ ቀን ዝም አሰኛታለሁ» አልሁት። ቄሱ ራሳቸው ሄዱ። ሲመለሱ «እሰጠዋለሁ፤ ግን ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ይላል» አሉ። የደሳለኝ ቤት ከዳሱ ይታያል፤ ገበያውን መሻገር ብቻ ነው።

አያ መኮንን ወደዚያ ቤት ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «እሱን ከምለምን ትጩህ» አለ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። መኪናዋን እንደነበረች አስገጠመኝ፤ ጥርሱ ይሰበራል ብዬ ብነግረውም አልሰማኝ። ቄሱ በቦታው ስለነበሩ ሳጥኔን ተወልኝ፤ እኔን ግን «ይህን የሰማ ሰው ደጄ ላይ አይቀመጥም» ብሎ ዳሱን ቆለፈብኝ። ቄሱም የንስሐ ልጃቸው ነውና እውነቱን ለገበያው አልነገሩልኝም። መኪና ገዳይ እንደተባልሁ፣ የፍየል ጭነት ላይ ተሳፍሬ ወጣሁ። መኪናዋ ማሽላ ጭና ከአበርገሌ ስትመለስ አቀበቱ ላይ ኮሮናው ተፈረካከሰ፤ ጎትተው ግቢው እንዳስገቧት ኋላ ሾፌሮች ነገሩኝ።

ይኸው ደሳለኝ ጋራዤ ደጃፍ ቆሟል። «መኮንን ዐረፈ» አለኝ። «መኪናዋ እንደቆመች ናት። ልጆቹ ሊያስነሷት ይፈልጋሉ፤ ይህችን አምጥቼልሃለሁ፣ ግጠምላቸው።»

ጨርቁን ፈታሁት። ፒኞኗ አንድ ነጠብጣብ ዝገት የለባትም፤ ግራሶው ትናንት የተቀባ ነው። «ማን ነው የሚቀባት?» አልሁት።

«እኔ ነኛ። በየክረምቱ እቀባታለሁ።»

«ለምን?»

«ይመጣል ብዬ።»

ሰው ከሰቆጣ ለምን ለቀቅህ ሲለኝ አቧራው አልስማማ ብሎኝ እል ነበር። ከእንግዲህ ሁለት ወንድማማቾች ገበያ መሻገር አቅቷቸው ነው እላለሁ። ለደሳለኝ ልራራለት ይገባኝ ነበር የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን አልራራሁለትም። ኮሮናው ያኔውኑ እንደተፈረካከሰ፣ ያለ ጥንዷ ይህች ለምንም እንደማትሆን ነገርሁት። ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። የተላጠ በለስ አቀረብሁለት፤ አልቀመሰም። ግራሶው እጁን እያበላሸው ፒኞኗን መልሶ በጨርቅ ጠቀለላትና ወደ መናኸሪያው ይዟት ሄደ።