የታምራት ሰዓት ስንት ደቂቃ ይቀድም ነበር?

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ባትሪ ላስቀይር ጀሞ አንድ ጋራዥ ሄጄ፣ መካኒኩ አሮጌውን ከመንቀሉ በፊት ሌላ ትንሽ ባትሪ በሽቦ አገናኘ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰዓቱና ሬዲዮው የያዙትን እንዳይረሱ ነው፣ ፋዘር።»

ጠዋት መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ ስፈልገው ያረፈድኩት ሰውዬ፣ እንደ ሊቅ ራሴን ነቀነቅኩ።

ይቺን ዘዴ በደርግ ጊዜ፣ መካኒሳ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ሞክሬያታለሁ። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት መኪና አረንጓዴ ቁጥር የሚያበራ ሰዓት ነበራት። አባባ ቀበሌ ስብሰባ ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ ያን ጊዜ ማርፈድ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ለማንም ሳይነግር ሰዓቱን ጥቂት ደቂቃ አስቀደመው። አባባ ማርፈድ አቆመ። የነቃበት ቀን ስቆ ተወው።

ከዚያ ታምራትን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ወሬውም ጠፋ።

ክረምት ላይ ባትሪው ደከመ። መኪናዋ ሰፈሩ ካልገፋት አትነሳም፤ ሰዓቱ ብቻ ይሠራል።

«ሰዓቱን እንዳታጠፋብኝ» አለኝ አባባ፣ የገዛውን አዲስ ባትሪ እያቀበለኝ።

«እኔ እያለሁ ምን ታስባለህ!» አልኩ፣ በፊዚክስ ፈተና ወድቄ የመጣሁት መሐንዲስ። አዲሱን ባትሪ በሁለት ሽቦ ከጎን አገናኝቼ፣ አሮጌውን ፈትቼ በኩራት ቀና ስል ክርኔ ሽቦውን መታው። ሰዓቱ ድርግም አለ። አዲሱን ሳስረው ከአስራ ሁለት ጀመረ።

አባባ መጥቶ አየው። አልተቆጣም። የእጅ ሰዓቱን አወለቀና «ስንት ደቂቃ ነበር የሚቀድመው?» አለ።

ማናችንም ቆጥረነው አናውቅም።

ምሳ ላይ ሽሮው እየቀዘቀዘ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እማዬ «አስር ነው» አለች።

«አንቺ ደግሞ መች አይተሽው?» አላት አባባ።

«ስምንት» አልኩ እኔ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«ሲመጣ እንጠይቀዋለን» አለች እማዬ።

በላን። እኔማ እንጀራ አስጨመርኩ። ምንም አልተሰማኝም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው።

አባባ ሰዓቱን በትክክለኛው ሞላው። እንደገናም ማርፈድ ጀመረ። ታምራት አልመጣም።

መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ ኮፈኑን ዘጋ። «ፋዘር፣ ሰዓትዎ ይቀድማል። ላስተካክልልዎት?»

«ተወው» አልኩት።

መኪና በቀየርኩ ቁጥር ሰዓቱን ትንሽ አስቀድመዋለሁ፤ አንዴ በአምስት፣ አንዴ በአስራ አንድ። ምናልባት አንዷ ትገጥም ይሆናል። ብትገጥምም አላውቃትም።